ለሚካኤል የተሳልሁት ሞተር

ሰው የራሱ ያልሆነውን ነገር ለታቦት ቢሳል፣ ቃሉ ይያዝበታል ወይስ አይያዝበትም? ከነሐሴ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ይዤ ስዞር ከረምሁ። ሩዝ ስለቅም ጠየቅሁት፤ ደጅ ቆሜ መንገድ ሳይ ጠየቅሁት፤ ቄስ ጠየቅሁ፣ ጎረቤት ጠየቅሁ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁና የጸሎት መጽሐፌንም ዳር እስከ ዳር ገለጥሁት። ስለ በግ አለ፣ ስለ ጧፍና ስለ ዕጣን አለ። ስለ ሞተር የሚል ግን አላገኘሁም።

የተሳልሁት ሞተር የልጅ ልጄ የክንዴ ነው። ክንዴ የውሃ ፓምፕና የሩዝ መፈልፈያ ይጠግናል። ከሐሙሲት እስከ ይፋግ ባለው ሜዳ አንድ ፓምፕ ቢያስነጥስ የሚጠራው እሱ ነው። አባቱ ደሳለው የእኔ አንድ ልጅ ነበር፤ ወደ ባድመ ዘመተ፣ በዚያው ቀረ። እናቱም መተማ አግብታ ሄደች። ስለዚህ ክንዴን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ትንሽ ሆኖ ዋርካ ላይ ሲወጣ ከሥር ነጠላዬን ዘርግቼ እቆም ነበር። ሰው ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ። ልጁ የእኔ እንጂ የሳቂዎቹ አይደለም።

ሞተሩን ያመጣው በ2005 ከፋሲካ በኋላ ነው። መንገድ ሲያሠራ የቆየ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጦለት ነው። እየገፋ ወደ ግቢ ሲያስገባው ሳይ ሁለት እጄን አናቴ ላይ ጫንሁ።

«ወይኔ ልጄን፣ አታለሉህ!» አልሁት።

«ማን ነው ያታለለኝ?»

«ይሄ እኮ የጃንሆይ ጊዜ ሞተር ነው! የወባ መድኃኒት ረጪዎቹ የሚመጡበት። ተማሪ ሆኜ አውቀዋለሁ፤ እንደዚሁ ክብ መብራት ነበረው፣ እንደዚሁ ሰፊ ቂጥ ነበረው።»

ክንዴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እምዬ፣ አዲስ ነው። ሲሠሩት ነው የድሮ የሚያስመስሉት።»

«ምን ቆርጧቸው?»

«ያምራላ! ሰው የድሮ ነገር ይወዳል።»

«እኔስ የድሮ አይደለሁ፤ ማን ወደደኝ?»

«እኔ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። በዚህ አፌን አስያዘኝ።

እውነቱን ልናገርና ያምራል። የግብርና ሰዎች የሚነዱት ሞተር እንደ ፌንጣ ቀጭን ነው፤ ቁመቱም ረጅም ነው። የክንዴ ዝቅ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ደልደል ያለ ነው። የነዳጅ ታንከሩ እንደ ውሃ ጠብታ ከፊት ሰፍቶ ወደ ኋላ ይሾላል፤ ቀለሙ ጥቁር ቀይ ነው። መቀመጫው እንደ በቅሎ ኮርቻ መሐሉ ጎድጎድ ይላል። መሪው ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ ቀንድ ቢሆን የእኛን የፎገራ ላም አጭር ቀንድ ሳይሆን የራያ በሬን ቀንድ ነበር የሚሆነው። ሁለት ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ጎን ለጎን ተጋድመውበታል፣ ኒኬላቸው ፊት ያሳያል። ድምፁ እንደ ሌሎቹ ጆሮ አይበሳም፤ ወፍራም ነው፣ ደረት ውስጥ ገብቶ ነው የሚያጉረመርመው።

ግን ለእኛ አገር አልተፈጠረም። ለአስፋልት ነው የተሠራው። ክረምት ሲገባ የፎገራ ጥቁር ጭቃ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ይጠቀጠቃል፤ ያኔ ጎማው አልዞርም ይላል። ክንዴ መንገድ ዳር ተቀምጦ በእንጨት ይፈለፍለዋል። ከወደቀም አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም። ማታ የሚያድረው ሳሎን ነው፤ በእኔ አልጋና በእሱ መካከል ያለው አንድ መጋረጃ ነው። እኔና ሞተሩ እንደ ሁለት ጣውንቶች አንድ ቤት ስንተነፍስ እናድራለን።

ጠዋት ጠዋት ሲወጣ ነገራችን ይሄ ነው።

«ቀስ በል።»

«እሺ እምዬ።»

«ዝናብ ከመጣ?»

«እጠለላለሁ።»

«ጭቃ ካለ?»

«ወርጄ እገፋዋለሁ።»

«ከብት ዘሎ ቢገባብህስ?»

«ከብቱን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ! ልሂድ በቃ!»

የጎረቤታችን የአህመዲን ሚስት ሰአዳ ሱቋ ውስጥ ሆና ትሰማንና ትስቃለች። «እመት ደብሬ፣ እርስዎ እንደሚሉት ቢሆን እኮ ልጁ ሞተሩን ተሸክሞት ነው የሚሄድ» ትለኛለች።

*

የተሳልሁበት ቀን በነሐሴ አጋማሽ ላይ የዋለ ቅዳሜ ነው። ክንዴ ይፋግ የሚጠግነው መፈልፈያ ነበረውና በጠዋት ሄደ። ከሰዓት በኋላ በደብረ ታቦር በኩል ሰማዩ ጠቆረ። በእኛ ላይ የዘነበው ትንሽ ነው፤ እዚያ ላይ ሲዘንብ ግን የርብ ወንዝ እዚህ ታች ነው የሚቆጣው። ደወልሁለት። ያቺ የስልኳ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» አለችኝ። ደግሜ ደወልሁ። ደግማ አለችኝ። ሰደብኋት።

ሰአዳ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ እያለሁ አንድ የባጃጅ ልጅ ጎማው ጭቃ እየተፋ መጣ።

«ርብ መንገዱን ዘግቶታል» አለ። «አንድ ሞተርም ወስዷል ይላሉ።»

«ምን ዓይነት ሞተር?» አልሁት።

«እኔ አላየሁም እመቴ። ትልቅ ሞተር ነው ሲሉ ሰማሁ።»

በከተማችን በወረታ ትልቅ ሞተር ያለው ማን ነው? እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከክሁና ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ዞርሁ። «ቅዱስ ሚካኤል!» አልሁ። «ልጄን በእግሩ አምጣልኝ! ሞተሩን ለደጅህ አገባለሁ!»

ሰአዳ ሮጣ መጥታ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ። ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ በዝግታ፣ «እመት ደብሬ፣ ሞተሩን ውሃ ከወሰደው ምኑን ይሰጡታል?» አለችኝ። እኔ ያንን መቼ አሰብሁት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ያ ወፍራም ድምፅ ተሰማ። ክንዴ እስከ አንገቱ ጭቃ ለብሶ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ፣ በሞተሩ ላይ ተቀምጦ መጣ። ውሃ የወሰደው የሌላ ሰው ሞተር ኖሯል፤ ባለቤቱም በደኅና ወጥቷል።

«አራት ገበሬዎች በአጣና ተሸክመው አሻገሩልኝ እኮ!» ይላል እየሳቀ። «እንደ ሙሽራ! አንዱማ እልል እያለ! እምዬ፣ ጉልበትሽ ምን ሆኖ ነው ጭቃ የሆነው?»

«አዳልጦኝ ነው» አልሁት።

ሰአዳ አየችኝ፣ አየኋት። ወደ ሱቋ ተመለሰች።

*

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌ ተቆራረጠ። ልጁ በእግሩ ቢመጣልኝ ነበር ያልሁት፤ መጣልኝ። ታዲያ ሞተሩስ? በመስከረም መጀመሪያ ሐሙሲት ላይ የሞተሩ ካቴና ተበጠሰ፤ ሚካኤል እያስታወሰኝ ነው አልሁ። ጭስ ማውጫው ባቱን ለበለበው፤ ቁስሉን ቅባት እየቀባሁ በሆዴ «ታገሰኝ፣ አልረሳሁም» እያልሁ ለመንሁት። አንድ ቀን ጉማራ ድልድይ አጠገብ ጥጃ ገብቶበት ሊወድቅ ሲል ተረፈ። እየሳቀ ነገረኝ። እኔ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ።

በመጨረሻ የነፍስ አባቴን መምሬ በላቸውን ያዝኋቸው።

«ልጁ ፈቅዷል?» አሉኝ።

«አባ፣ መቼ ነገርሁት።»

«እንግዲያማ የሰው ንብረት ተሳልሽ ማለት ነው። የራስሽን ስጪ። ጃንጥላ አግቢ።»

«ስለዚህ አይያዝብኝም?»

ጢማቸውን ዳበሱ። «አይያዝም። … ነገር ግን ቃል ወጥቷል።»

«ይያዛል ማለት ነው?»

«አይያዝም አልሁሽ እኮ!»

«ቃል ወጥቷል ደግሞ አሉኝ።»

«ወጥቷላ! አልወጣም ልበል?» አሉና ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መስቀል አሳለሙኝ። ከመጣሁበት ጊዜ ይልቅ ተጨንቄ ተመለስሁ።

በዚያው ሰሞን ይፋግ የአክስቴ ልጅ አረፈች። ባጃጅ ልፈልግ ስል ክንዴ አሻፈረኝ አለ፤ «እኔ እያለሁ!» ብሎ። ሞተሩ ላይ በጎን ተቀመጥሁ። በነጠላዬ ተጠቅልዬ ወገቡን ጥርቅም አድርጌ ያዝሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ሚካኤልን፣ «ዛሬ እንዳትጠይቀኝ፣ ሁለታችንም እዚህ ላይ ነን» አልሁት።

«እምዬ፣ ዓይንሽን ግለጪ እንጂ! ተመልከች!»

ገለጥሁት። ሩዙ ዘለላውን አውጥቶ ሜዳው እስከ ጣና ድረስ አረንጓዴ ነው፤ በየመሐሉ የቀረው ውሃ እንደ መስታወት ስባሪ ያበራል። ነፋሱ ሩዙን ወዲህ ሲያስተኛው ወዲያ ሲያስተኛው አየሁ። ስንት ዘመን የኖርሁበት አገር ነው፤ በባጃጅ ሸራ ቀዳዳ እንጂ እንዲህ ሙሉውን አይቼው አላውቅም። ሰዎች ገና ድምፁን ሲሰሙ ከማሳ ቀና ይላሉ። «ክንዴ! ኧረ ክንዴ! ስትመለስ እለፍብን፣ ፓምፑ እንቢ ብሏል!» ይላሉ። አንዷ ጎልማሳ ሴት ደግሞ፣ «ዛሬ ሙሽራ ይዟል!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የርብ ድልድይ ከፊታችን ታየ፤ ዓይኔን መልሼ ጨፈንሁ።

ስንመለስ ሞተሩን ጥላ ሥር አቆመና ውሃ ገዛልኝ። እሱ ቁጢጥ ብሎ ጎማው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ እየፋቀ፣ ፊቱን ሳያዞር እንዲህ አለኝ።

«ታውቂያለሽ እምዬ፣ ድሮ የትም ብሄድ 'የማን ልጅ ነህ?' ነበር የሚሉኝ። የደሳለው ስላቸው 'አይ፣ ምስኪን' ይላሉ። ከዚያ ዝም ይባላል። ይሄን ከያዝሁ ወዲህ ማንም አይጠይቀኝም። ድምፁን ሰምተው 'ክንዴ መጣ' ነው የሚሉት።»

ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አፌን ከፈትሁም። ግን፣ «ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ጠጣ» አልሁት።

*

በጥቅምት ሚካኤል ዕለት የጽዋ ማኅበራችን ተራ ካሳነሽ ቤት ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ሰው ሁሉ ጨዋታ ሲጀምር ጭንቀቴ አላስቀምጥ አለኝ።

«አንድ የማውቃት ሴት አለች» አልሁ። «ተጨንቃ የሰው ንብረት ተሳለች። እንደው ምን ይሻላታል ትላላችሁ?»

ካሳነሽ ጠላ እየቀዳች ቀና አለች። «ሞተሩን ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ለካስ ያን ቀን ሰአዳ ደጃፍ ላይ የተንበረከክሁትን ያላየ የለም፤ የጮህሁትን ያልሰማ የለም። ሁሉም ያውቃል። የማያውቀው የሞተሩ ባለቤት ብቻ ነው። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? አንድ ያልሳቀ ሰው ግን ነበር። አቶ አለምነህ። የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ነገር እንደ ራሱ ቤት የሚያይ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው።

«መቼ ነው የሚገባው?» አለኝ።

«እንደው… ለኅዳር…» አልሁ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

«ለኅዳር ሚካኤል። መልካም» አለና ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር እንዴት እንዳለፈ እኔ አላውቅም። ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ደክሞት ይመጣል፣ ይብላ እላለሁ። በልቶ ይተኛል። ነገ እላለሁ። ነገ ደግሞ እየዘፈነ ይነሳል። የሚዘፍን ልጅ ምን ብለው ይነግሩታል? ወደ አቶ አለምነህ ሄጄ ልተወው ብዬም አስቤ ነበር፤ ሁለቴ ከደጁ ደርሼ ተመለስሁ። ለታቦት ያሉትን አልሰጥም ማለት ከበደኝ።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ዕለት ከሰዓት በኋላ ክንዴ ሞተሩን ግቢ አውጥቶ ያጥባል። ነገ በዓል ነው ብሎ ኒኬሉን በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል። እኔ በረንዳ ላይ ምስር እለቅማለሁ። አቶ አለምነህ ጋቢውን አጣፍቶ ገባ።

«እንዴት ዋላችሁ! አበጀህ ክንዴ፣ አሳምረኸዋል» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ዋልህ ጋሼ አለምነህ። ግባ፣ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም፣ ሥራ አለብኝ። ለነገው ልነግርህ ነው። ታቦቱ ሲወጣ ሞተሩ ከመዘምራኑ ኋላ ይሁን ብለን ተስማምተናል።»

የክንዴ ፊት በራ። «እኔ? ታቦት ላጅብ?»

«አዎ። ቀስ ብለህ ትነዳዋለህ።»

«ኧረ ደስ ይለኛል! እምዬ ሰማሽ? ባንዲራ አስርበታለሁ። ድምፁን ዝቅ አደርገዋለሁ፣ መዝሙሩን አይረብሽም።»

ምስሩ ከእጄ ፈሰሰ። «አለምነህ፣ ነገ ጠዋት…» አልሁ። አልሰማኝም።

«ከዚያ በኋላ» አለ አለምነህ፣ «ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስትደርስ ቁልፉን ለእኔ ታስረክባለህ። በድምፅ ማጉያ ስምህም ይጠራል፣ የእመት ደብሬም ይጠራል። በሚቀጥለው እሑድ ጨረታ ይወጣል።»

ክንዴ ሳቀ። «የምን ጨረታ?»

«የሞተሩ። ስለቱ።»

«የማን ስለት?»

አለምነህ ወደ እኔ ዞረ። ያ ቀልድ የማያውቅ ፊቱ ቀላ። «አልነገርሽውም?»

ክንዴም ዞረ። ጨርቁ እጁ ላይ ነው። «እምዬ?»

ነገርሁት። ስለ ርብ፣ ስለ ባጃጁ ልጅ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ጽዋ ማኅበሩም። በአንድ ትንፋሽ ነገርሁት። ስጨርስ አለምነህ፣ «ከፈለግህ እኮ ጨረታው ላይ አንተም መግባት ትችላለህ፤ የሚከለክልህ የለም» አለው።

«የራሴን ሞተር?» አለ ክንዴ። «የራሴን ሞተር ከሌላ ሰው ጋር ተጫርቼ ልግዛ?»

«እንግዲህ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ተነጋገሩ» ብሎ አለምነህ ጋቢውን ሰብስቦ ሄደ። የግቢውን በር እንኳ ድምፅ ሳያሰማ ነው የዘጋው።

ክንዴ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«በነሐሴ ላምሽ ነበረች» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ ነበረች።»

«አሁንም አለች። የጆሮ ወርቅሽም አለ። እኔን ውሃ ወሰደው ብለሽ ስትጨነቂ፣ ላሜን እሰጣለሁ ለምን አላልሽም?»

«ልጄ፣ ሰው ሲጨነቅ መቼ ይመርጣል? አፌ ላይ የመጣልኝን…»

«ለምን እሱ መጣልሽ?»

ሰው የሚሳለው የሚወደውን ነው፤ ቢሰጠው የሚያመውን። ክንዴ ይህንን ያውቃል፣ እኔ ነኝ ያስተማርሁት። እኔ ደግሞ ከቤቴ እንዲወጣ የምመኘውን ነው ለሚካኤል የሰጠሁት። ገና ግቢ ከገባበት ዕለት ጀምሮ እንዲጠፋልኝ ስመኝ ነበር። ያን ዕለት ልጄንም ለመንሁ፣ ሞተሩንም አብሬ ከቤት አስወጣሁ፤ በአንድ ጸሎት ሁለት ነገር።

«ለአንተ ነው» አልሁት። «ለአንተ ነው የፈራሁት።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ነገ እሄዳለሁ፣ አልሰጥም እላቸዋለሁ። ላሟን ይውሰዱ። መምሬ በላቸውም አይያዝም ብለውኛል…»

«ወረታ ሁሉ ሰምቷል፣ እምዬ» አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ድምፁን ሲሰሙ 'ሚካኤልን የከለከለው መጣ' ነው የሚሉኝ።»

ከዚያ ተነሳ። ቢጫ ፀሐይ ኒኬሉ ላይ ነበረች። ሞተሩን በሁለት እጁ ይዞ እየገፋ ወደ ሳሎን አስገባውና ከመጋረጃው አጠገብ አቆመው። ተከትዬው ገባሁ። ቁልፉን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የመፍቻ ቦርሳውን ከግድግዳው አወረደ። ሁለት ሸሚዝ አጥፎ ከመፍቻዎቹ ላይ ጨመረ።

«የት ነው? ክንዴ፣ ነገ በዓል እኮ ነው! በዚህ ሰዓት ምን አግኝተህ ትሄዳለህ? እራትህንስ? እሺ ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፣ የሆነ ነገር በለኝ!»

ቦርሳውን ትከሻው ላይ አነገተ። በሞተሩና በእኔ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳይነካ አለፈ፤ በሩን ከፍቶ በእግሩ ወጣ።